በሸራ ጀልባ አንድ ሳምንት በግሪክ ደሴቶች፣ እናቴን ይዤ፦ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ሄለን (ሽቱትጋርት)

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው።

እኔና ባለቤቴ ከሁለት ጓደኞቻችን ጋር ሆነን በጳጉሜን ሳምንት ግሪክ ላይ የሸራ ጀልባ ልንከራይ አስበናል። ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ነው። ባለቤቴ እዚህ ሐይቅ ላይ ሸራ ተምሮ ፈቃድ አውጥቷል። ባሕር ላይ ግን ኃላፊነት ወስዶ አያውቅም። ስለዚህ ስኪፐር፣ ማለትም ጀልባውን የሚመራ ሰው፣ እንቀጥራለን ብለናል።

አሁን እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ ናት። ስድሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ደህና ናት፣ ጉልበቷ ብቻ ደረጃ ሲበዛባት ያማታል። ጀልባ የምታውቀው ጣና ላይ ገዳማቱን ልትሳለም ስትሄድ ነው። ትቻት መሄድ አልፈልግም። እሷም «እናንተ ካላችሁበት ምን እሆናለሁ» ብላለች።

ያሰብነው መንገድ ከአቴንስ ተነስተን ሚኮኖስ፣ ናክሶስ፣ ሳንቶሪኒ፣ ከዚያ ወደ አቴንስ መመለስ ነው። በሰባት ቀን ይዳረሳል? ለእናቴስ ይከብዳል? ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች፣ የምትበላውም ያሳስበኛል። እንቁጣጣሽ ደግሞ ዓርብ እዚያው ሊውልብን ነው። የሄዳችሁበት ሰዎች ካላችሁ በዝርዝር ንገሩኝ።

ዳዊት (ሮተርዳም)

እኛ ሚኮኖስንና ሳንቶሪኒን በአንድ ሳምንት አይተናል፤ ግን በፌሪ፣ ሰው በሚያመላልሰው መርከብ ነው። ትልቁ ፌሪ እንኳ ከአቴንስ ወደብ ከፒሬየስ ሳንቶሪኒ ለመድረስ ቀኑን አጋመሰው። በሸራ ጀልባ እንዴት እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው ይንገርሽ። ሳንቶሪኒ ላይ ኢያ የሚባለው ፎቶ የሚነሱበት ሰፈር ግን ደረጃ በደረጃ ነው። ለእናትሽ ጉልበት አይመችም።

ማኅደር (አቴንስ)

ሄለንዬ፣ እንኳን ጠየቅሽ። እኔ የምኖረው አቴንስ ነው። ሥራዬም እዚሁ ካለው ከአሊሞስ ማሪና (የጀልባ ወደብ) በሚነሱ የሸራ ጀልባዎች ላይ ምግብ ማብሰል ነው። ስለ ሸራው ስኪፐራችሁ ይነግራችኋል። እኔ ከምድጃው አጠገብ ሆኜ የማየውን ልንገርሽ። ሰው ደስ ብሎት የሚሰነብትበትን ሳምንትና ተዳክሞ የሚወርድበትን ሳምንት እዚያ ሆኜ ለይቼዋለሁ።

መጀመሪያ ሳንቶሪኒን ከዚህ ሳምንት አውጡት። እባክሽ። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ከአቴንስ ሳንቶሪኒ ከ120 የባሕር ማይል በላይ ነው። አንድ የባሕር ማይል 1.85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የምትከራዩት ጀልባ በሰዓት አምስት ስድስት የባሕር ማይል ነው የሚሄደው። የትም ሳይቆም ቢነዳ እንኳ ሃያ ሰዓት አይበቃውም። ይህ መሄጃው ብቻ ነው።

መመለሱ ደግሞ ይብሳል። ኤጂያን ባሕር ላይ ሜልተሚ የሚሉት የሰሜን ነፋስ አለ። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ አንድ ደመና ሳይታይ፣ ለቀናት ይነፍሳል። በሐምሌና በነሐሴ ይበረታል፤ በመስከረም ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም። ስትሄዱ ከኋላ ይገፋችኋል። ስትመለሱ ፊት ለፊት ትገጥሙታላችሁ። ያኔ ጀልባው ማዕበሉ ላይ ይወጣና ይወድቃል፣ ውኃው መሪው ጋ ያለውን ሰው ሳይቀር ያርሰዋል። እንደዚህ ባለ ቀን እኔ ሻይ እንኳ አላፈላም። ነፋሱ ሲጠና ትላልቆቹ ፌሪዎች ራሳቸው ከወደብ እንዳይወጡ ይከለከላሉ። የእናንተ ጀልባ ግን ቅዳሜ ጠዋት መመለስ አለበት። በነፋስ ምክንያት የሆነ ደሴት ላይ ብትታገዱ ጭንቀቱ የእናንተ ነው።

ሳንቶሪኒ ደርሳችሁም ማረፊያ ይቸግራል። ያ በፎቶ የምናየው ገደል የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ጠርዝ ነው። ከሥሩ ያለው ውኃ በመቶዎች ሜትር ስለሚጠልቅ መልህቅ ጥሎ ማደር አይታሰብም። ያለችው በደቡብ በኩል ቭሊሃዳ የምትባል ትንሽ ወደብ ናት። ሳንቶሪኒን ማየት ካማራችሁ ጀልባውን መልሳችሁ በፌሪ ወይም በአውሮፕላን ሂዱ።

የእኔ ምክር አጭር ነው። በቀን ሦስት አራት ሰዓት ብቻ ተጓዙ። ጠዋት ተነሱ፣ በእኛ ሰዓት ከቀኑ ስምንት ሳይሆን ወደብ ግቡ። ነፋሱ ብዙ ጊዜ ከሰዓት ነው የሚበረታው። የወደቡም ቦታ ቀድሞ ለደረሰ ነው። ዘግይቶ የመጣ ጀልባ ቦታ አጥቶ፣ ሰው ሁሉ ተርቦና ተናዶ፣ በምሽት ሌላ የባሕር ወሽመጥ ፍለጋ ሲዞር በተደጋጋሚ አይቻለሁ። ቀድመሽ ከገባሽ ግን እናትሽ ከሰዓቱን መሬት ላይ ነው የሚያሳልፉት። ይህ ለእሳቸው ትልቅ ነገር ነው።

ለዚህ የሚመቸው የሳሮኒክ ባሕረ ሰላጤ ነው። አቴንስ ደጃፍ ላይ ነው። በአንድ በኩል አቲካ፣ በሌላ በኩል ፔሎፖኔዝ ስለሚከልሉት ከክፍቱ ኤጂያን ይልቅ የተረጋጋ ነው። መንገዱን እንዲህ አደርገዋለሁ።

ቅዳሜ ጀልባውን የምትረከቡት ብዙውን ጊዜ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት አካባቢ ነው። ያን ቀን አትውጡ። ወረቀቱ አለ፣ ዕቃ ቆጠራው አለ፣ ገበያው አለ። እዚያው እደሩ። እናትሽም ባልተነቃነቀ ጀልባ ላይ መግባትና መውጣትን ይለማመዱ።

ልምምዱን አቅልለሽ አትዪው። ግሪክ ውስጥ ጀልባ የሚቆመው መልህቁን ከፊት ጥሎ፣ ጀርባውን ወደ መሬት አስጠግቶ፣ በሁለት ገመድ ታስሮ ነው። ከጀልባው ወደ መሬት የሚያሻግረው አንድ ጠባብ ሳንቃ ነው። ፌሪ ባለፈ ቁጥር ሳንቃው ከፍ ዝቅ ይላል። እናትሽ ሲሻገሩ አንድ ሰው መሬት ላይ ቆሞ እጁን ይዘርጋላቸው፣ አንድ ሰው ከኋላቸው ይሁን። እጃቸው ባዶ ይሁን፣ ቦርሳም አይያዙ። እግራቸውን አይመልከቱ፤ የተዘረጋላቸውን እጅ ይመልከቱ። ሞገዱ እስኪያልፍ ቆመው ይጠብቁና ይለፉ። ቦታ ሰፊ በሆነበት ወደብ ደግሞ ስኪፐሩ ጀልባውን በጎኑ እንዲያስጠጋው ለምኑት። ያኔ ሳንቃም አያስፈልግ።

እሑድ ኤጊና ግቡ። አሥራ ስድስት አሥራ ሰባት የባሕር ማይል ነው፣ ሦስት ሰዓት ገደማ። እናትሽን ያሰብኩት እዚህ ላይ ነው። ደሴቲቱ ላይ የቅዱስ ነክታርዮስ ገዳም አለ። ግሪኮች እጅግ የሚወዱት ቅዱስ ነው። ካይሮ ውስጥ አገልግሎ የጴንጠጶሊስ ጳጳስ ሆነ፤ በሐሰት ተከሶ ከዚያ ወጣ። በኋላ ይህን የሴቶች ገዳም ኤጊና ላይ አቋቋመ። በ1920 አረፈ፣ በ1961 ቤተ ክርስቲያኒቱ ቅዱስ ብላ አወጀች (ሁለቱም በፈረንጅ ነው)። አጽሙ እዚያው ነው። ሰው ድውይ ይዞ፣ ሻማ ይዞ ይመጣል። ከወደቡ ወደ አጊያ ማሪና የሚሄደው አውቶቡስ በሩ ላይ ያወርዳል። ቤተ ክርስቲያኖቻችን በኬልቄዶን ጉባኤ ምክንያት የተለያዩ መሆናቸው ይታወቃል፣ አብሮ መቁረብ የለም። ገብቶ መጸለይና ሻማ ማብራት ግን ማንም አይከለክላቸውም። ነጠላቸውን ይዘው ይምጡ። ያው አውቶቡስ ትንሽ ወጣ ብሎ የጥንቷ የግሪክ አምላክ የአፋያ ቤተ መቅደስ ጋም ይቆማል። ዓምዶቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ገደማ የቆሙ ናቸው።

ኤጊና ወደብ ላይ ፒስታቺዮ ግዙ። የደሴቲቱ መታወቂያ ነው፣ አዝመራውም ልክ በዚያ ሰሞን ነው የሚሰበሰበው። ከዛፍ የወረደው ትኩሱ ቀላ ያለ ለስላሳ ልጣጭ አለው፤ በጣት ይላጣል። ወደቡ ዳር አትክልትና ፍራፍሬ የሚሸጡ ጀልባዎችም ታስረው ታያላችሁ። ለሁለት ቀን የሚበቃችሁን ቲማቲምና ወይን ከእነሱ ያዙ።

ሰኞ ፖሮስ። ፖሮስን ከፔሎፖኔዝ የሚለየው የባሕር መተላለፊያ በጣም ጠባብ ነው። ማዶ ጋላታስ የምትባለው ከተማ ላይ ቡና የሚጠጣውን ሰው ታዪዋለሽ። ከተማዋ ኮረብታ ላይ ብትሆንም የወደቡ ዳርቻ ሜዳ ነው። እናትሽ ከዳር እስከ ዳር በእግራቸው ሊሄዱ ይችላሉ።

ማክሰኞ ኤርሚዮኒ፣ ፔሎፖኔዝ ጫፍ ላይ ያለች ጸጥ ያለች ከተማ። ነፋሱ ልክ ከሆነ መንገድ ላይ ዶኮስ ደሴት ጋ ቆማችሁ ዋኙ። ሰው የማይበዛበት ድንጋያማ ደሴት ነው። እዚያ ባሕር ሥር ከአራት ሺህ ዓመት በላይ የሆነው የሰመጠ መርከብ ጭነት ተገኝቷል፣ በአብዛኛው የሸክላ ዕቃ ነው።

ረቡዕ ሃይድራን እዩ። ግን በራሳችሁ ጀልባ አትሂዱ። ይህን ስል ብዙ ሰው ይገረማል። ሃይድራ መኪና የሌለባት ውብ ደሴት ናት። ሲሚንቶውንም ሻንጣውንም የሚሸከሙት በቅሎና አህያ ናቸው። ወደቧ ግን ጠባብ ነው። ጀልባ ከጀልባ ፊት በሁለት በሦስት ረድፍ ይቆማል። የሁሉም መልህቅ ሰንሰለት ከውኃው በታች ይቆላለፋል። ጠዋት አንዱ መልህቁን ሲስብ የጎረቤቱን ሰንሰለት አብሮ ያወጣዋል። ከዚያ አንድ ሰው በጀልባው የፊት ጫፍ ላይ ተኝቶ ገመድ በሰንሰለቱ ሥር ያሾልካል። በገመዱ ወጥሮ ይይዘውና መልህቁን ትንሽ ዝቅ ሲያደርጉት ሰንሰለቱ ይላቀቃል። ሲለቅ ደግሞ ከሥሩ ሌላ ሰንሰለት ይመጣል። በዚህ መሃል ጀልባው በነፋስ ወደ ጎረቤቱ ይንሸራተታል፣ ሰው በእግሩም ከጀልባው ጎን በሚንጠለጠለው መከላከያ ትራስም ይገፋል፣ በአምስት ቋንቋ ይጮኻል። እናትሽን እዚያ መሃል አላስቀምጣቸውም።

ስለዚህ ጀልባው ኤርሚዮኒ ታስሮ ይዋል። ጠዋት በፈጣኑ ጀልባ ሃይድራ ተሻገሩ፣ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ወደቡ ፊት ለፊት የእመቤታችን የፍልሰቷ ቤተ ክርስቲያን አለች። የሰዓት ማማው ሥር በሩን ስታልፉ ጸጥ ያለ ግቢ ውስጥ ትገባላችሁ፤ ደረጃ መውጣት የለም። እናንተ ላይኛውን ሰፈር ስትዞሩ እናትሽ እዚያ ሊቀመጡ ይችላሉ። ከሰዓት ተመለሱ።

ሐሙስ ወደ ፖሮስ መመለስ፣ ዓርብ ወደ አሊሞስ። የዓርቡ ረዘም ይላል፣ አምስት ስድስት ሰዓት ይፈጃል። ሲነጋጋ ተነሱ። ነዳጅ ለመሙላትም ዓርብ ማታ ወረፋ አለ።

ስፔትሴስ የምትባለውን ደሴት ሆን ብዬ ነው የተውኩት። ቆንጆ ናት፣ ግን ለእናንተ አንድ ቀን ትበዛለች። በዚያ ሰሞን የ1822ቱን (በፈረንጅ) የባሕር ውጊያ የሚዘክሩበት አርማታ የሚባል በዓል አላቸው። ባሕር ላይ መርከብ አቃጥለው ርችት ይተኩሳሉ። ቦታ አይገኝም። ቲያትር የምትወዱ ከሆነ ደግሞ ሃይድራን ትታችሁ ከኤጊና ወደ ፓሌያ ኤፒዳቭሮስ መሻገር ትችላላችሁ። ከወደቡ በታክሲ ወደ ጥንታዊው ቲያትር ይኬዳል፣ 14,000 ሰው ገደማ የሚይዝ የድንጋይ ቲያትር ነው። መሃሉ ላይ ቆመሽ ወረቀት ብትቀድጂ ላይ ድረስ ይሰማል ይባላል። ሁለቱንም በአንድ ሳምንት አላደርገውም።

ስለ ጀልባው። ስኪፐሩም አልጋ ይፈልጋል፣ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። አራት ክፍል ያለው ያዙ። ለእናትሽ የኋላውን ክፍል ስጡ፤ የፊቱ ማዕበል ላይ ይዘላል። ገንዘቡ ካላችሁ ካታማራን፣ ሁለት አካል ያለው ጀልባ፣ ይሻላቸዋል። አይጋደልም፣ ወደ ሳሎኑም በቀጥታ ነው የሚገባው። በአንድ አካል ጀልባ ላይ ግን ወደ ውስጥ የሚወርደው መሰላል ቀጥ ያለ ነው። ሁልጊዜ ፊታቸውን ወደ መሰላሉ አዙረው ይውረዱ። ስኪፐር አብዛኛውን ጊዜ በቀን 200 ዩሮ ገደማ ነው፣ ምግቡ በእናንተ ላይ ነው። የጽዳት፣ የነዳጅና የመያዣው ገንዘብ ለብቻው ስለሚመጣ ሁሉንም በጽሑፍ ጠይቁ። የባለቤትሽ የሐይቅ ፈቃድ ለባሕር አይሆንም። ስኪፐሩ ካለ ግን ችግር የለውም፤ ሸራውን ባለቤትሽ ይሳብ፣ ጥሩ ትምህርት ይሆነዋል።

ሄለን (ሽቱትጋርት)

ማኅደርዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የኤጊናውን ገዳም ለእናቴ ሳነብላት ነጠላዋን አሁኑኑ ሻንጣ ውስጥ ከተተች። ሳንቶሪኒ ቀርቷል፣ ባለቤቴም ተስማምቷል። የጾሙን ነገር ግን አልነገርሽኝም። ጀበናዋንም ካልያዝኩ ብላለች፣ ይቻላል? ባሕሩ ቢያማትስ?

ማኅደር (አቴንስ)

የጾሙ ነገር ግሪክ ውስጥ ቀላል ነው፣ እነሱም ኦርቶዶክስ ናቸውና። ታቬርና ገብታችሁ «ኒስቲሲሞ» በሉ፣ የጾም ማለት ነው፣ አስተናጋጁ ወዲያው ይገባዋል። ግን አንድ ልዩነት አለ። እነሱ በጾም ኦክቶፐስ፣ ካላማሪና ሽሪምፕ ይበላሉ። እናትሽ ይህን አይነኩትም። ስለዚህ በስሙ እዘዙ። ጊጋንቴስ በቲማቲም የተጋገረ ትልልቅ ነጭ ቦሎቄ ነው። ፋቫ ከቢጫ አተር ክክ የሚሠራ ነው፣ ልክ እንደ ክክ አልጫ ለስላሳ ነው፤ ከላዩ ሽንኩርትና የወይራ ዘይት ያደርጉበታል። ሆርታ የተቀቀለ ቅጠል ነው፣ በሎሚ ይበላል። ዶልማዴስ በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ነው፣ ሥጋ ያለበትም ስላለ ጠይቁ። ሰላጣ ስታዙ «ፌታ አታድርጉበት» በሉ። እንጀራ አቴንስ ከተማ ውስጥ ይገኛል፣ ቅዳሜ ከመግባታችሁ በፊት ግዙ። የጀልባው ፍሪጅ ትንሽ ስለሆነ ለሁለት ሦስት ቀን የሚበቃውን ብቻ ያዙ። ሽሮና በርበሬ ከቤት አምጪ። ሽሮ ለጀልባ የተፈጠረ ምግብ ነው፤ አንድ ድስት ይበቃዋል፣ ጋዙም አያልቅም።

ጀበናውን ያምጡ። ከሰል ግን ፈጽሞ አይሆንም። ጀልባው ፋይበርግላስ ነው፣ ሸራው ጨርቅ ነው፣ ጋዝም አለ። ዕጣንም እዚያ ላይ አይጨስም። ቡናውን ቤት ቆልታችሁና ፈጭታችሁ በጣሳ አሽጉት። የጀልባው ምድጃ ከማዕበሉ ጋር እንዲወዛወዝ ሆኖ የተሠራ ነው። ድስትን የሚይዙ ብረቶች አሉት፤ የጀበናው ቂጥ ክብ ስለሆነ ግን በደንብ አይይዙትም። ወደብ ላይ ብቻ አፍሉ፣ አንድ ሰውም አጠገቡ ይቁም። ፖሮስ ላይ ፌሪ ሲያልፍ እጃችሁ ጀበናው ላይ ይሁን።

እንቁጣጣሽ ዓርብ ከሆነ ዶሮው ይቀራል። የዋዜማው ማታ ፖሮስ ናችሁ። እኔ ብሆን ቡናውን ያኔ ከጀልባው ኋላ በኩል አፈላና ጎረቤት ጀልባዎቹን እጠራለሁ። ባለፈው አዲስ ዓመት አንድ ግሪካዊ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ ሽታው ስቦት መጥቶ ሦስቱንም ሲኒ ጠጣ። በማግስቱ ሎሚ በፌስታል አምጥቶ ሳንቃው ላይ አስቀመጠልኝ።

ለባሕር ሕመሙ ሐኪማቸውን አሁኑኑ ጠይቂ፤ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አብሮ የማይሄድ እንክብል ሊኖር ይችላል። የሚሰጣቸውን ከመነሳታችሁ በፊት ይውጡት፣ ከታመሙ በኋላ አይጠቅምም። በጉዞ ላይ ወደ ውስጥ አይውረዱ። ውጭ ይቀመጡ፣ ፊታቸውን ወደ መሄጃው ያዙሩ፣ ሩቅ ይመልከቱ። ባዶ ሆድም አይሁኑ፤ ደረቅ ዳቦና ዝንጅብል ይስጧቸው። ስልክ አያንብቡ።

ሁለት ነገር ልጨምር። ሽንት ቤቱ ውስጥ ወረቀት አይጣልም፣ ቱቦው ይዘጋል። ቅርጫት አለ። ይህን ለእናትሽ በቀስታ ቀድመሽ ንገሪያቸው፣ በኋላ እንዳያፍሩ። ውኃ ደግሞ በታንክ ነው፣ ስድስት ሰው እንደ ቤት ከታጠበ ቶሎ ያልቃል። ባሕሩ ውስጥ ዋኝታችሁ ጨው በሌለው በታንኩ ውኃ ተለቃለቁ፤ ወደብ ስትገቡ ታንኩን ሙሉት።

ብሩክ (ለንደን)

ማኅደር ያለችው ሁሉ ልክ ነው። ግን እኔ በግሪክ ምዕራብ ያለውን የኢዮኒያን ባሕር ለምን ዘለላችሁት እላለሁ። ከሌፍካዳ ተነስተን ሜጋኒሲ፣ ኢታካ፣ ኬፋሎኒያ ፊስካርዶ ሄደናል። ጠዋት ባሕሩ ዘይት ነው። ከሰዓት ማይስትሮ የሚሉት የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ይመጣል፣ ሲመሽ ይበርዳል። ርቀቱ አጭር ነው። ዛፉ እስከ ውኃው ድረስ አረንጓዴ ነው። ፊስካርዶ እ.ኤ.አ. በ1953ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ከተረፉት ጥቂት መንደሮች አንዷ ስለሆነች የድሮዎቹ ቤቶች አሁንም ቆመዋል። ኢታካ ላይ ኪዮኒ የምትባል መንደር አለች፣ እናቴን ይዤ ብመለስባት ደስ ይለኛል። ባሕር ለማያውቅ ሰው ከሳሮኒክ የተሻለ ይመስለኛል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። መስከረም እየገፋ ሲሄድ አየሩን መከታተል ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 ኢያኖስ የተባለው ማዕበል እነዚሁ ደሴቶች ላይ ብዙ ጀልባ ሰብሯል። ያ ግን በወሩ አጋማሽ ላይ ነበር።

ማኅደር (አቴንስ)

ብሩክዬ፣ ኢዮኒያንን እኔም እወደዋለሁ። ለመዋኘትና ሸራ ለመማር ከእሱ የሚበልጥ አላውቅም። ሳሮኒክን ያልኩት በአንድ ምክንያት ነው። የሄለን እናት ሦስተኛው ቀን ላይ በቃኝ ቢሉ ከፖሮስም፣ ከሃይድራም፣ ከኤርሚዮኒም ፈጣን ጀልባ ወደ ፒሬየስ አለ። ከፖሮስ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ልጃቸው አብራ ሄዳ አቴንስ ሆቴል አስገብታ፣ ሐኪምም ቢያስፈልግ አሳይታ፣ በማግስቱ ጀልባው ያለበት ልትመለስ ትችላለች። ከኢታካ ይህን ማድረግ ቀን ይፈጃል። መውጫ እንዳላቸው ሲያውቁ ሰዎች ፍርሃታቸው ይቀንሳል፤ ብዙዎቹም እስከ መጨረሻው ይቆያሉ።

ያሬድ (አዲስ አበባ)

ጥሩ ጨዋታ ነው። እኔና እህቴ ከአዲስ አበባ ተነስተን በሚቀጥለው ዓመት እንዲህ ያለ ጉዞ ብናስብ ቪዛው እንዴት ነው? ከጀልባው ላይ ሆነን ቱርክንም ማየት ይቻላል የሚል ነገር አይቼ ነበር።

ማኅደር (አቴንስ)

ያሬድ፣ የሸንገን ቪዛ ነው የሚያስፈልገው። ጉዟችሁ በዋናነት ግሪክ ከሆነ ለግሪክ ነው የምታመለክቱት፤ አዲስ አበባ ኤምባሲ አላት። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 በኢትዮጵያውያን ላይ ደንቡን አጥብቋል። የተለመደው የውሳኔ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል፣ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም በተለምዶ አይሰጥም። ስለዚህ ጀልባውን ከመክፈላችሁ በፊት አሁን ያለውን ደንብ ጠይቁ። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ ጀምሮ ነው፣ ማመልከቻውን አታዘግዩት። የጀልባ አከራዩንም «ቪዛ ከተከለከልን ገንዘቡ ይመለሳል ወይ» ብላችሁ መልሱን በጽሑፍ ያዙ።

ቱርክን በተመለከተ፣ ከኮስ ደሴት ቦድሩም በዓይን ትታያለች፣ መንገዱም አጭር ነው። አንድ ጊዜ ብቻ በሚያስገባ ቪዛ ግን አትሻገሩ። ከግሪክ ከወጣችሁ መመለሻ የላችሁም፣ ጀልባው ግን ግሪክ መመለስ አለበት። ሄለን፣ ይህ እናትሽንም ይመለከታል። ከጀርመን ግሪክ መሄድና መመለስ ሸንገን ውስጥ ስለሆነ ችግር የለውም፤ ቪዛቸው የሚያበቃበትን ቀንና የተፈቀደላቸውን የቀን ብዛት ብቻ አይተሽ ቲኬቱን ቁረጪ። ፓስፖርታቸውንም ኦሪጅናሉን ይያዙ፣ የጀልባው የተሳፋሪ ዝርዝር ላይ ይመዘገባል።

ሄለን (ሽቱትጋርት)

ቪዛዋን አሁን አየሁት፣ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ይቆያል፣ ቀኑም ይበቃል። ካታማራኑን ዋጋ ጠይቀናል። ማኅደርዬ፣ ሻንጣው ጠንካራ ቢሆን ችግር አለው?

ማኅደር (አቴንስ)

አለው። የሚታጠፍ የጨርቅ ቦርሳ አምጡ፣ ጀልባ ላይ ጠንካራ ሻንጣ የሚቀመጥበት ቦታ የለም። ለእናትሽ ነጭ ሶል ያለው የማያንሸራትት ጫማና ለማታ ሹራብ። ቅዳሜ አሊሞስ ስትደርሱ እዚህ ጻፊልኝ፤ ያን ሰሞን ሥራ ላይ ካልወጣሁ እንጀራውን እኔው አመጣላችኋለሁ።